የላይ ጊዮርጊስ መታጠፊያ

ቢሆነኝ መጀመሪያ እንጨቱን ያንኳኳል። በመጥረቢያው ጀርባ አንዱን ጫፍ መታ አድርጎ ጆሮውን ወደ ሌላው ያስጠጋል፤ ነቀዝ የበላው እንጨት ድምፁን ይውጠዋል፣ ደህናው ጥርት አድርጎ ይመልሳል። እኩል የሆኑ ሁለት የጥድ እንጨቶች ሲያገኝ ቅርፊታቸውን ይልጥና ጉጣቸውን ይጠርባል። ትከሻ የሚያርፍባቸውን አራቱን ጫፎች ደግሞ ይመለስባቸዋል፤ በመዳፉ እየዳበሰ ሻካራ ያገኘበትን በስለት ይፍቃል። እዚያ ላይ ጉጥ ከቀረ የተሸካሚውን ትከሻ ይልጣል፤ ትከሻው የተላጠ ሰው ዳገት ላይ አካሄዱ ይበላሻል፤ አንዱ ከተበላሸ ሌሎቹም ይደናቀፋሉ።

ከዚያ መሮውን ያነሣል። በሁለቱም እንጨቶች ላይ ትክክለኛ ቀዳዳ ይፈለፍልና የዋንዛ አግዳሚዎችን ይሰካል፤ አግዳሚው በመዶሻ ካልተመታ የማይገባ መሆን አለበት፣ በእጅ ከገባ በእጅ ይወጣል። በመጨረሻ ጠፍሩ ይመጣል። ጠፍሩ ውሃ ውስጥ የዋለ የበሬ ቆዳ ነው፣ በጣት ስፋት የተተለተለ። ቢሆነኝ እርጥብ ሳለ ከአንዱ እንጨት ወደ ሌላው እያሻገረ፣ እግሩን እንጨቱ ላይ ተክሎ በሁለት እጁ እየሳበ፣ በቁመትና በወርድ ያጠላልፈዋል። ቆዳው ሲደርቅ ራሱን በራሱ ያከራል። መሃሉን ብቻ ትንሽ ያላላዋል። የተኛው ሰው ጎድጎድ ያለ ቦታ ካላገኘ ቁልቁለት ላይ ይንሸራተታል፣ በተለይ ራሱን የማያውቅ ከሆነ።

ቃሬዛ ነው የሚሠራው።

ሙያው ግን ቃሬዛ አልነበረም። ቢሆነኝ ጠራቢ ነው። ሞፈር፣ ቀንበር፣ የጠፍር አልጋ፣ የበር መቃን፤ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምትባለው ከተማ ወደ ቡሬ በሚወስደው አገር እጁ ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። የላይ ጊዮርጊስ ደብር ከአባቱ ዘመን ጀምሮ አንድ ቃሬዛ ነበረው። ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተሰቅሎ ይኖራል፤ የታመመ ሲኖር ይወርዳል፣ ሲመለስ ይሰቀላል። ለደብሩ በቂ ነበር። ጣልያን መንገዱን ከቆረጠ ወዲህ ነው አልበቃ ያለው። በሽታ ሰውን ሲወስድ ፋታ ይሰጣል። መኪና ግን አንዱን ሰው አስቀብረው ሳይመለሱ ሌላውን ይጥላል።

መንገዱ የመጣው በ1930 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከላይ፣ መንደሩና ምንጩ ከታች ናቸው። የጣልያን መሐንዲስ ጉብታውን ዞሮ እንደመሄድ መሃሉን ሰነጠቀው። በላይኛው ወገን ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የተቆረጠ አፈር እንደ ግድግዳ ቆመ፤ በታችኛው ወገን ገደል ሆነ። በዚያ በግድግዳና በገደል መካከል መንገዱ ቁልቁል ወርዶ ወደ ቡሬ ይታጠፋል። ከመንደሩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወጣ ሰው መንገዱ ላይ ወጥቶ፣ መታጠፊያውን ይዞ፣ ግድግዳው እስኪሸነቆር ድረስ መሄድ አለበት። ሌላ መውጫ የለም። እዚያ መሃል ላይ መኪና ከመጣበት የሚጠጋበት ቦታም የለም።

መጀመሪያ የሞቱት እማሆይ ወለተ ሐና ናቸው። ጆሯቸው ይከብድ ነበር፤ ቅዳሴ ሊያስቀድሱ ሲወጡ ከኋላ መጣባቸው። ቀጥሎ አንድ አራሽ ከነበሬው ተገጨ። እሱ ሞተ፣ በሬውም ሞተ። ከቡሬ የጣልያን ወታደሮች መጡና የመኪናው ፋኖስ መሰበሩን አዩ፤ የበሬውን ባለቤት ጥሩ አሉ። ሞቷል ቢሏቸው ወንድሙን ገረፉ።

በዚያ ሰሞን ደብሩ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። የደብሩ አለቃ አባ ገብረሰንበት መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ሲነጋገር ቆይቶ ቢሆነኝ ተነሣ። እሱ ሲናገር አያስረዝምም።

«ሁለት ግንድ ልጥረብ። አንዱን ከመታጠፊያው በላይ፣ አንዱን ከታች መንገዱ ላይ እናጋድም። ሰው ተሻግሮ ሲያልቅ ግንዱ ይነሣ። ግንድ ያየ ሾፌር ወዶም ጠልቶም ይቆማል።»

«ልጄ» አሉ አባ ገብረሰንበት፣ «ግንድ መንገድ ላይ የሚያጋድሙት ጫካ ያሉት አርበኞች ናቸው። ጣልያን ያንን ግንድ ያየ ዕለት ማን እንዳጋደመው አይጠይቅም። መንደሩን ያቃጥለዋል።»

እውነት ነበር። ቢሆነኝ ተቀመጠ።

ያኔ ከሴቶቹ ወገን ንግሥቴ ተነሣች። ንግሥቴ የቢሆነኝ ሚስት ናት። ሙግት የምትወድ ሴት ነበረች፤ የራሷ ሙግት ሲያልቅ የጎረቤት ትይዛለች። አንድ ጊዜ የባላባት አሽከሮች የመበለት ላም እየነዱ ሲሄዱ መንገድ ላይ ቆማ «በሕግ አምላክ» ብላቸው ነበር። ይህ ቃል ከተጠራ ዱላ የሰነዘረ እንደሰነዘረ፣ ፈረስ የሚጋልብ እንደጋለበ ይቆማል፤ ቃሉን የጠራው ሰውና የተጠራበት ሰው ዳኛ ፊት ሳይቀርቡ ማንም ንቅንቅ አይልም። አሽከሮቹ ጭቃ ሹሙ እስኪመጣ ድረስ ፀሐይ ላይ ኮርቻቸው ላይ ተገትረው ዋሉ። ላሟም ለመበለቲቱ ተመለሰች።

«ግንዱ ለምናችን ነው?» አለች ንግሥቴ። «አፍ አለን አይደል እንዴ? መታጠፊያው ላይ ተራ ገብተን እንቁም። መኪና ሲመጣ በሕግ አምላክ እንበል።»

«ጣልያን ቃሉን ያውቀዋል?» አለ ቢሆነኝ።

«አንቱ እንጨትዎን ይጥረቡ፣ ሙግቱን ለኔ ይተዉልኝ። ከፊት የሚነዳው ጣልያን አይደለም፣ ደረሰ ነው። እሱ ከቆመ ከኋላው ያለው ጣልያን ወዴት ሊያልፍ ነው?»

ሰው ሳቀ። ነገሩ ግን ትክክል ነበር። ደረሰ የሽንዲ ሰው ነው፣ የሲራራ ነጋዴ ልጅ። ከጣልያን በፊት ከአባቱ ጋር በቅሎ እየጫነ በዚያ ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ቢሆነኝ ቤት አድሯል። ያኔ በቅሎዋ ስትደክም ወርዶ በእግሩ የሚሄድ፣ ሰውና ከብት ካየ ከሩቅ «ገለል በሉ ወገኖቼ» እያለ የሚጣራ ልጅ ነበር። አሁን የካኪ ኮት ለብሶ፣ ቆቡን ወደ ጆሮው አዘንብሎ፣ ለቡሬ ጦር ዱቄት ያመላልሳል። ብዙ ጊዜ ከፊት የሚሄደውም እሱ ነው፤ መንገዱን ያውቃላ።

ንግሥቴ ምንጩ ዘንድ ጠበቀችው። ለመኪናው ውሃ ሊቀዳ ሲቆም ከፊቱ መጣችበት።

«ደረሰ፣ ና እስቲ ውረድ።»

«እትዬ ንግሥቴ፣ ዛሬ ችኩል ነኝ።»

«የምትቸኩለው ቆርቆሮዋ ናት፣ አንተ ምን ሆነህ? ውረድ።»

ወረደ። አባ ገብረሰንበትም ቢሆነኝም ነበሩ።

«በሕግ አምላክ ያለህን ሰው ታልፋለህ?» አለችው።

«እንዴት ተደርጎ?»

«በቅሎ ላይ ሆነህስ?»

«አላልፍም።»

«እዚህ ቆርቆሮ ውስጥ ሆነህስ?»

ደረሰ ጥርሱን አሳየ። «እዚህ ውስጥ ስሆን እኔ አይደለሁም እኮ የማልፈው፣ እሷ ናት።»

«እንግዲያ እሷን ወክለህ ማል።»

አባ ገብረሰንበት መስቀሉን ዘረጉ። ደረሰ ቆቡን አውልቆ ሳመና ማለ፤ በላይ ጊዮርጊስ መታጠፊያ ላይ ቃሉን የጠራ ሰው ካየ እንደሚቆም። ንግሥቴ ከዚያ በኋላ ነው የውሃ መቅጃ ቅሉን የሰጠችው። ውሃውን ቀድቶ ሄደ።

ነገሩም ሠራ። ያን በጋ ሙሉ ሠራ። ደብሩ ተራ አወጣ፤ በበዓል ቀንና በገበያ ቀን አንድ ሰው መታጠፊያው ላይ ይቆማል። ደረሰ ከላይ ሲመጣ እጅ የዘረጋ ሰው ያያል፣ ፍጥነቱን ያበርዳል፣ ራሱን በመስኮት አውጥቶ «ሕግ ይከበር!» ይላል። ሰው ይስቃል፤ ሴቶቹ እልል የሚሉበት ቀንም ነበር። ከኋላው ያለው ጣልያን ጥሩምባውን ያስጮኻል፣ ይሳደባል፣ ግን ማለፊያ የለውም። በዚያ በጋ የላይ ጊዮርጊስ ደብር በመንገዱ ሰው አልቀበረም።

ቢሆነኝ ግን ዓይኑ ሌላ ነገር ላይ ነበር። ዕቃ የሚሠራ ሰው አንድ ነገር ሲሠራ ለምን እንደሚሠራ ሳያውቅ አይተኛም። ደረሰ ቶሎ የሚቆመው ባዶውን ሽቅብ ሲመጣ ነው። ተጭኖ ቁልቁል ሲወርድ ጎማው ከቆመ በኋላም መኪናው ይጎተታል፤ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፣ የቆመው ሰው ጉልበት ድረስ ተጠግቶ ነው የሚያርፈው። ይህን አይቶ ለሚስቱ ነገራት።

«ንግሥቴ፣ ቃሉን ብለሽ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚያስወጣው የግድግዳው ሽንቁር ውስጥ ግቢ። ከዚያ ይቁም አይቁም እናያለን።»

«ቃሉን ጠርቼ ልሸሽ?» አለች። «ቃሉን ጠርቶ የሚሸሽ ከሳሽ ነው ሌባ? እኔ ከሸሸሁ እሱ ለምን ይቆማል?»

ሕጉ እንደዚያ ነው፤ ጠሪው ከቦታው ከተነቃነቀ ቃሉ ወደቀ ማለት ነው። ከእናት ከአባት የመጣ ነገር ነው፣ ለፈረስ የተሠራ። ፈረስ ሰው አይረግጥም፤ ጋላቢው እንኳ ቢሰንፍ ፈረሱ ራሱ ይሸሻል። ያንን አስቦ ያወጣው ያገር ሰው መኪና አላየም።

የጊዮርጊስ ዕለት ነው። ቅዳሴ አልቆ ሰው እየወረደ ነበር፤ ንግሥቴ ተረኛዋ ስለሆነች ቀድማ ወርዳ መታጠፊያው ላይ ቆማለች። ቢሆነኝ ከግድግዳው በላይ፣ ከሰዎቹ ጋር፣ ቁልቁል የሚያየው ቦታ ላይ ደርሷል። ከላይ ሁለት መኪና መጣ። በዚያ ቀን ከፊት የነበረው ጣልያን ነው፤ ደረሰ ከኋላው ሆኖ አቧራውን ይበላል። ሾፌሮች ዘንድ አቧራ መብላት ውርደት ነው። ከፊት የሚሄድ ሰው ጌታ ነው፤ ከኋላ ያለው ዓይኑ ቀልቶ፣ ጥርሱ አሸዋ እያኘከ፣ እየተሳቀበት ይገባል። ከመታጠፊያው በላይ መንገዱ ሰፋ ስለሚል ደረሰ እዚያ ላይ ወጣና ጣልያኑን ቀደመው። ቀድሞ ሲያበቃ መታጠፊያው ደረሰበት።

ንግሥቴ መሃል መንገድ ገብታ እጇን ዘረጋች። ቃሉን ጠራች። ድምፅዋ ለቢሆነኝ ጥርት ብሎ ተሰማው፤ የምትለው ሁሉ ድሮም የሚሰማ ሴት ነበረች። ደገመችው። የመኪናው ጥሩምባ ጮኸ። ሰው ከላይ «ግቢ፣ ግቢ» ሲላት ዘወርም አላለችም። ሦስተኛውን ጀመረች፣ አልጨረሰችውም።

በቃሬዛ ነው ያወጧት። ጠፍሩ ገና ሳይደርቅ ቀርቶ ይሁን፣ ደሟ ይሁን፣ ተሸካሚዎቹ እርጥብ ነው አሉ። በማግስቱ ተቀበረች።

ወንድሞቿ ጠመንጃ ይዘው ሽንዲ መንገድ ላይ አደፈጡ። ደረሰ ግን ወደ ሽንዲ አልሄደም። ከቀብሩ በኋላ አባ ገብረሰንበትን አስቀድሞ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ቢሆነኝ ደጅ ላይ ተንበረከከ። ሽማግሌዎች ከኋላው ቆመዋል፤ ካሳውን ተነጋግረው፣ እርቁን አዘጋጅተው ነበር የመጡት።

«ድንጋዩን አውርድ» አለ ቢሆነኝ።

ደረሰ አላወረደም።

«አውርድ ብዬሃለሁ። ደም አልፈልግም። ካሳም አልፈልግም። የምፈልገው ዳኛ ነው። አንደኛ፣ መሪ እንዳትይዝ ይፍረድብህ። ሁለተኛ፣ መታጠፊያው ላይ መኪና ሁሉ በእግረኛ አካሄድ ይለፍ ብሎ ያውጅልኝ። ከዚህ ሌላ ነገር አልሰማም።»

«ልጄ» አሉ አባ ገብረሰንበት ቀስ ብለው፣ «ዳኛው እኮ ጣልያን ነው።»

«ወንበር ላይ ተቀምጦ የለም እንዴ፣ አባ? የተቀመጠ ሰው ይፍረድ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ ደረሰ ራሱ ድንጋዩን አውርዶ ተነሣና ኮቱን ገለጠ። ቢሆነኝ የጋቢውን ጫፍ ከደረሰ ቀበቶ ጋር ቋጠረው። ቁራኛ ማለት ይህ ነው፤ ከሳሽና ተከሳሽ ተቋጥረው ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው ያያቸዋል፣ ማንም አይለያቸውም። ድሮ በእግር ነበር የሚኬደው። ደረሰ ግን ዱቄቱን በዚያው ቀን ቡሬ ማድረስ ነበረበት፤ ካላደረሰ ወታደር ይመጣል፣ ለመንደሩም ይተርፋል። ስለዚህ ቢሆነኝ ሚስቱን የገደለችው መኪና ላይ፣ ከገደላት ሰው ጋር ተቋጥሮ፣ ከጎኑ ተቀመጠ።

መኪና ውስጥ ገብቶ አያውቅም። መጀመሪያ የገረመው ጸጥታው ነው። ጩኸት አለ፣ የሞተሩ ጩኸት፤ ከውጭ የሚመጣው ድምፅ ግን አንድም አይሰማም። እረኛ አፉን ሲከፍት ያያል፣ የሚለውን አይሰማም። ውሻ ሲዘል ያያል፣ ጩኸቱ የለም። ሁለተኛ ያየው ነገር የሰው መሸሽ ነው። ሰው ሁሉ ይሸሻል። እንስራ ያዘለች ትሸሻለች፣ ቄስ ይሸሻል፣ አህያ የሚነዳ ከነአህያው ገደል አፋፍ ላይ ይንጠለጠላል። አንዱ ከሸሸ ሌላው፣ እሱ ከሸሸ ሌላው። እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ለዋለ ሰው መሸሽ የሰው ተፈጥሮ ይመስላል።

መታጠፊያውን ቀስ ብለው አለፉት። ደረሰ ወደ ግድግዳው አልዞረም።

«አይተሃታል?» አለ ቢሆነኝ።

«አይቻታለሁ።»

«ስትናገርስ?»

«አፏ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ትሸሻለች ብዬ ነው፣ አያ ቢሆነኝ።»

«ቃሉን ጠርታ ወዴት?»

ይቆማል ብላ ሞተች፤ ትሸሻለች ብሎ ገደላት። ከዚህ በላይ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም።

ማንኩሳን አልፈው ጥቂት እንደሄዱ ከፊት ሌላ መኪና ታየ። አቧራው ወደነሱ መጣ። ደረሰ ዓይኑን አጠበበ፣ መሪው ላይ ጎንበስ አለ፣ እግሩ ተጫነ። ከሳሹ ቀበቶው ላይ ታስሮ ከጎኑ ተቀምጦ ሳለ፣ ወደ ዳኛ እየሄደ፣ እግሩ ተጫነ። ከአቧራው ውስጥ የሆነ ሰው የተጫኑ አህዮች እየነዳ ብቅ አለ፤ ከሰውየው በስተቀኝ ጉድባ ነው። ቢሆነኝ አልጮኸም። ክንዱን ያዘውና ትኩስ ነገር የሚጠጣን ሰው እንደሚመክሩት በለሆሳስ «ቀስ በል፣ ደረሰ» አለው።

እግሩ ተነሣ። ወዲያው ነው የተነሣው። አህዮቹ በጎን አለፉ፤ ባለቤታቸው እጁን አንሥቶ ምስጋና ይሁን እርግማን የሆነ ነገር አለ።

«አላወቅሁም» አለ ደረሰ። «እግሬ ሲጫን አላወቅሁም።»

ቡሬ የጣልያኑ ሹም ጽሕፈት ቤት በረንዳ ላይ አቆሟቸው። ሹሙ ወጣ፣ ቋጠሮውን አይቶ ለአስተርጓሚው አንድ ነገር አለ፤ ሁለቱም ሳቁ።

«ምንድን ነው ይላሉ፤ ተጋብታችሁ ነው ወይ?» አለ አስተርጓሚው።

ቢሆነኝ የመጣበትን ተናገረ። ሁለቱን ነገር ብቻ፣ እንደ ልማዱ ሳያስረዝም። አስተርጓሚው ያለው ሁሉ ይተርጎም አይተርጎም አይታወቅም፤ ከቢሆነኝ ንግግር ያጠረ ነበር። ሹሙ ወደ ደረሰ ዞረ።

«ዱቄቱ ለምን ዘገየ ይላሉ። ሴትዮዋን አይተሃታል ወይ ይላሉ።»

ደረሰ የሹሙን ጫማ አየ። ቢሆነኝ የጋቢው ጫፍ ሲሳብ ተሰማው፤ ሰውየው አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሏል።

«አላየኋትም» አለ ደረሰ። «ድንገት ነው የገባችብኝ።»

መስቀል ስሞ የማለ ሰው፣ ገና ጥቂት ቀደም ብሎ አይቻታለሁ ያለ ሰው፣ ከቢሆነኝ ጎን ተቋጥሮ ቆሞ ነው ይህን ያለው። ሹሙ ከኪሱ ሰንጢ አወጣና የጋቢውን ጫፍ ቆረጠ። ቁራጩ ደረሰ ቀበቶ ላይ ቀረ። ፍርዱንም አስተርጓሚው ተናገረ፤ ከዛሬ ጀምሮ በዚያ መታጠፊያ ላይ እጁን ዘርግቶ የቆመ ሰው በጦር መኪና ላይ እንዳደፈጠ ሽፍታ ይቆጠራል፣ ይተኮስበታል።

ለደብሩ ሊጠይቅ የሄደው ሰው ይህን ይዞ ተመለሰ። የነበረችውን አንዲት ቃል አስቀምቶ።

ከቡሬ ሲወጣ ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶታል። ጥቂት እንደሄደ ከኋላው መኪና መጣና ቆመ። ደረሰ በሩን ከፈተ።

«አያ ቢሆነኝ፣ ይግቡ።»

ቢሆነኝ ቆሞ አየው። ድንጋይ አንሥቶ ፊቱን ሊለው ይችል ነበር፤ አስቦታልም። ለንግሥቴ ወንድሞች ሰውየው እዚህ አለ ብሎ መላክም ይችል ነበር። ከዚያ ከመኪናው ፊት ለፊት መንገዱ ላይ ያለውን ሰው አየ፤ ጨው የተሸከመ፣ ልጅ ያዘለች፣ ዶሮ ያንጠለጠለች፣ ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተው የሚሄዱ። መኪናው ባዶ ነው፣ ደረሰ ችኩል ነው፣ ከፊቱ አቧራ አለ። ገባ።

«ይቅር ብለውኛል?» አለ ደረሰ።

«አላልኩህም። ንዳ። ቀስ ብለህ ንዳ።»

ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን ቢሆነኝ መንገድ ዳር ቆሞ ደረሰን ይጠብቃል፤ አብሮት ወርዶ አብሮት ይመለሳል። አይጫወቱም። ከዚህ እስከ ቡሬ የሚናገረው ያችኑ «ቀስ በል» የምትል ቃል ነው። ደረሰም ያንን ሰው ከጎኑ አስቀምጦ አንድ ቀን እንኳ እግሩን አልጫነም። አገሩ ግን ጉድ አለ። የንግሥቴ ወንድሞች ሰላምታ ነሱት። ለቅሶ ቤት ሲገባ የሚጠጋለት ሰው ጠፋ። አንዷ ምንጭ ላይ ሰው እየሰማ «የሚስቱን ገዳይ በጎኑ ታቅፎ ገበያ ይወርዳል» አለች። ሰማት። ምን ብሎ ይመልስላት? የሷ ልጅ በገበያ ቀን በዚያው መንገድ ይሄዳል፤ በማን ምክንያት በደህና ቤቱ እንደሚገባ እሷ አታውቅም።

ሞፈር የሚያስረክብበት፣ ራሱን የሚያመው ቀን ደግሞ አለ። በዚያ ቀን ደረሰ ብቻውን ይነዳል። በዚያ ቀን ነው ብዙ ጊዜ ቃሬዛ የሚታዘዘው። ሌሎቹ ሾፌሮችም አሉ፤ ከእነሱ ጎን የሚቀመጥ የለም።

ጣልያን በ1933 ሄደ። ባንዲራው ተለወጠ፣ ደረሰ ግን ያችኑ መኪና ለአገር ሰው መንዳት ጀመረ፤ ቀለሟን ብቻ ቀየሩላት። ቢሆነኝ አሁንስ የኛ ሰው ነው ብሎ ቡሬ ወርዶ አዲሱን ሹም ለመነ፤ ያንኑ ሁለት ነገር። ሹሙ በጥሞና ሰሙት። «አባቴ» አሉት፣ «መንገዱ እኮ የተሠራው ለመኪና ነው፤ ሕዝቡን ገለል በል ብለህ ምከርልን።» ያለ አስተርጓሚ ነው የነገሩት። እያንዳንዱን ቃል ሰምቷል።

ስለዚህ ሹም መለመኑን ተወ። የሚለምነው ይህን የሚያነብበውን ሰው ነው፤ ልመናውም ቃል በቃል ይህ ነው።

«እናንተ ከሾፌር ጎን የምትቀመጡ ሰዎች፤ ሾፌሩ ከውጭ የሚጮኸውን አይሰማም። እኔ ገብቼ አይቻለሁ፣ አይሰማም። መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚሸሽ ነው የሚመስለው። እናንተን ግን ይሰማል። አትፈሩት፣ ደግሞም አትሳደቡት፤ የተሰደበ ሾፌር ይብስበታል። እግሩ ሲጫን እሱ አያውቀውም፣ እናንተ ታውቁታላችሁ። ክንዱን ያዙት። ስሙን ጠይቃችሁ በስሙ ጥሩትና ቀስ በል በሉልኝ።»